ጥሩንባ ነፊው ማይክ ፊት ሲቀመጡ

በጉለሌ ምድር የተበላሸ ዕቃ የሚጥል ሰው ካያችሁ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ሰፈር ሊለቅ ነው። እኛ አንጥልም! ገመዱ የተበጠሰ ካውያ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ምድጃ፣ መቁጠር ያቆመ የግድግዳ ሰዓት... ሁሉም አልጋ ሥር ገብቶ ጡረታውን ይበላል። «ለምን አትጥሉትም?» ብላችሁ ጠይቁን እስቲ። «ይሠራል እኮ፤ ትንሽ ነገር ናት የጎደለችው» እንላችኋለን። ያቺ ትንሽ ነገር ምን እንደሆነች ለማወቅ ግን ማንም ቸኩሎ አያውቅም።

የእኔ ቤት ጡረተኞች አለቃ ማይክሮፎን ነው። ያ ሰርግ ቤት የምታዩት፣ ኳስ የመሰለ ራስ ያለው ማይክ እንዳይመስላችሁ። የድሮ የስቱዲዮ ማይክ ነው። ክብደቱ ዘነዘና፣ ፊቱ ወንፊት። ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ የአንድ ሙዚቃ ማስቀረጫ ቤት ዘበኛ ነበሩ። ቤቱ ሲዘጋ «ከሚወድቅ» ብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው አመጡት። ከዚያ ወዲህ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል። እንግዳ ሁሉ ዋንጫ ነው የሚመስለው። «ባለቤትሽ ሯጭ ነበር እንዴ?» ይሉኛል። ባሌ ታምራት ከሸጎሌ ዊንጌት የሚጭን ባለሚኒባስ ነው። የቁስቋምን ዳገት መኪናው ሲወጣ እሱ ነው የሚያለከልከው። ቢሆንም እንግዳውን ላለማስቀየም «ድሮ ነው፣ ተዉት» ብሎ አንገቱን ይደፋል።

እኔ ደግሞ፣ ታውቁኝ የለ፣ ተረት ነጋሪ ነኝ። ሰው ካገኘሁ ለሰው፣ ካላገኘሁ ለስልኬ እተርታለሁ። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ሁሉ ያስተማረኝ መነካካት ነው። የልብስ ስፌት መኪናዬን የፈታሁት እኔ፣ የገጠምኩት እኔ፣ የተረፉትን ብሎኖች በጣሳ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ታምራት «ስንዱ የነካችው ዕቃ ወይ ይድናል ወይ ያርፋል፣ መሃል ላይ ግን አይንገላታም» ይላል። እንደ ምስጋና ነው የቆጠርኩት።

እንግዲህ በዚህ ዝናዬ ላይ ነው ጋሽ ሽብሩ የመጡት።

ጋሽ ሽብሩ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ተነስተው ጥሩንባቸውን እየነፉ በየመንደሩ የሚለፍፉት፣ «ስሙ!» ብለው ስሙን፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲያርፍ በረዶ የጣለ ነው የሚመስለው። ቁስቋም ቆመው ሲጮኹ ዊንጌት ያለ ተማሪ የቤት ሥራውን ያስታውሳል። እኔ አይደለሁም ይህን ያልኩት፣ ሰፈሩ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ግን ድምፃቸው ጫፉ ላይ ሸካራ ነበር። ሲገቡ በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ሐኪም ጉሮሯቸው ውስጥ ምስር የምታህል ነገር እንዳገኘ፣ ክፉ እንዳልሆነች፣ መውጣት ግን እንዳለባት ነገሩኝ። ሰኞ ሆስፒታል ይገባሉ። ምስሯ ትወጣለች፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል ተብለዋል።

«ስለዚህ ድምፄን ቅጂልኝ» አሉኝ።

እኔም ከአፋቸው ተቀብዬ ስልኬን አወጣሁ። ቅማል ያወጣሁ ይመስል ፊታቸውን አዞሩ። በስልክ ተቀርጸው ሰምተውት ነበር ለካ፤ የታነቀ ዶሮ ነው የመሰላቸው። በጣታቸው ዳንቴሉን አሳዩኝ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ያ ነገር ዋንጫ እንዳልሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከአጎቴ ጋር ጠጅ ሲጠጡ ሰምተዋል።

ምን እንደምቀዳ ጠየቅኋቸው። በሩን ዞር ብለው አዩት።

«የራሴን መርዶ።»

«ጠላትዎ ይሙት!» አልኩ። እሳቸው ግን አስበውበታል። ለሰፈሩ ሙታን ሁሉ የጮኹት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ቀን ማን ሊጮህ ነው? ምክትላቸው ወንድሙ። ወንድሙን የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። ልጁ ደግ ነው፤ ጥሩንባውንም ይነፋል። ግን ስም ላይ ሲደርስ ቃሉን ያላምጠዋል። ባለፈው በእሱ ጥሪ ግማሻችን ወደ ላይ፣ ግማሻችን ወደ ታች ሄደን፣ ሁላችንም አልቅሰን ተመለስን። ጋሽ ሽብሩ ይህን ሲያስቡ እንቅልፍ አጥተዋል። ሞቱ አይደለም ያስፈራቸው፤ ሞተው ሰው ሌላ ቤት ማልቀሱ ነው።

«እትዬ ጥሩነሽስ ምን አሉ?» አልኳቸው። ባለቤታቸው ናቸው።

አልሰሙም፤ እንዳይሰሙም አስማሉኝ። እኔም ምን አልኩ መሰላችሁ? «ለቅዳሜ ይደርሳል፤ ትንሽ ነገር ናት የጎደለችው» አልኩ። ምላስ አጥንት የለውም!

አርብ ጠዋት ታምራት ሲወጣ ጠብቄ ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት። ወንፊቱን በካቻቢቴ ፈታሁ። ልክ ሲከፈት ካቻቢቴው ከእጄ ሸሸና ማይኩ ላይ ልጥፍ አለ። ብጎትተው አይመጣም። ውስጡ ለካ ማግኔት አለ! ጎንበስ ስል የፀጉሬን መርፌ ነጠቀኝ። ሹካ አምጥቼ ካቻቢቴውን ልፈልቅቅ ስል ሹካዋም ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህን የተረተው ሰው ማግኔት አላየም። ዕቃዎቼን አንድ በአንድ አስለቅቄ በባትሪ ወደ ውስጥ ሳይ... ምንም የለም! ሁለት ማግኔቶች ትይዩ ቆመው መሃላቸው ባዶ። ልብ የሌለው ማይክ።

ስልኬ ላይ ገብቼ የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ። ነጭ ጓንት አድርጎ ማይክ የሚፈታ አንድ ፈረንጅ በቪዲዮ አገኘሁ። ቋንቋውን አላውቅም፤ እጁን ግን አውቃለሁ፤ እጅ በሁሉም አገር አንድ ነው የሚናገረው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሁለቱ ማግኔቶች መካከል ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች፣ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሸነሸነች የአሉሚኒየም ጥብጣብ ትንጠለጠላለች። ሰው ሲናገር ትርገበገባለች። ማይኩ ማለት እሷ ናት፤ የቀረው ብረት ሁሉ ዘበኛዋ ነው። የእኛዋ ጥብጣብ መቼ እንደተበጠሰች እግዜር ይወቅ።

አሉሚኒየም ፍለጋ ተነሳሁ። የምግብ መጠቅለያው ፎይል ወፍራም ሆነ፤ በእሱ ስናገር ፍራሽ ሥር የገባሁ መሰለ። የማስቲካው ብልጭልጭ ከጀርባው ወረቀት ተለጥፎበታል፣ አይላቀቅም። የቸኮሌቱንም ሞከርኩ፤ ያው ቸኮሌቱ እንዳይባክን በላሁት፣ ለሥራው ስል። በመጨረሻ ነጭ ጓንቱ ያሳየኝ ነገር ትዝ አለኝ። የድሮ ራዲዮ ውስጥ በርሜል የምትመስል ትንሽ ዕቃ አለች፤ ሆዷ ስስ አሉሚኒየም ተጠቅልሎበታል። ራዲዮ ደግሞ አልጋ ሥር አለን፤ የታምራት አባት ራዲዮ።

ታምራት ለምሳ ሲመጣ ራዲዮኑ ተዘርግፎ አገኘው። «ይሠራል እኮ!» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ከተጋባን ጀምሮ ድምፅ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም አልኩት። «እንድከፍተው መቼ ጠየቅሽኝ?» አለኝ። የጋሽ ሽብሩን ነገር ስነግረው ግን ወጣና ከመኪናው ዕቃ ሣጥን ሁለት ቡሎን ይዞልኝ ተመለሰ። ጥብጣቧን የምንሸነሽነው በእነሱ ጥርስ መካከል እያንከባለልን ነው። አያችሁ ባል ማለት!

ከበርሜሏ ሆድ የወጣው ለሁለት ጥብጣብ ብቻ የሚበቃ ነበር። በምላጭ ቆረጥኩ። በቡሎኖቹ ሸነሸንኩ። ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይነጥቀኛልና በስቴኪኒ እያነሳሁ አስቀመጥኳት። ትንፋሽ ዋጥ፣ እጅ ቀጥ። ታምራት ሊያስነጥሰው ሲል ወደ ውጭ ሮጠ።

ከዚያ ማይክን ከኮምፒውተር ጋር በምታገናኝ ትንሽ ሣጥን አድርጌ ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁትና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። «ተረት ተረት» አልኩ ቀስ ብዬ።

እናንተ! የራሴ ድምፅ ማር በልቶ ተመለሰልኝ። ለታምራት አስደመጥኩት።

«ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኛ።»

«እንዲህ ሆነሽ አነጋግረሽኝ አታውቂም» ብሎ ማዳመጫውን መለሰልኝ።

ቅዳሜ ጋሽ ሽብሩ መጡ። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ጺማቸው የተላጨ፣ ጥሩንባቸው በጋቢ ሥር። ሙሽራ ነው የሚመስሉት። የት እንደሚቀመጡ፣ ወዴት እንደሚያዩ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳቸውም፤ ለእኔም አልታየኝም ነበር።

እስቲ እናንተው ንገሩኝ። በዚህ አገር ማይክ ይዞ ዝም ብሎ መናገር የጀመረ ሰው አይታችኋል? የእድር ሊቀመንበር ይሁን የሰርግ መድረክ መሪ፣ መጀመሪያ በጣቱ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ከዚያ እፍ ይልበታል። ከዚያ «ይሰማል?» ይላል። «ይሰማል!» እንለዋለን፤ የማይሰማውም ሳይቀር ይመልሳል። እፍ ያልተባለበት ማይክ ማይክ አይደለም፤ ያልተባረከ ማዕድ ነው።

ጋሽ ሽብሩም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ማይኩ ጠጋ አሉ፣ ደረታቸውን ሞሉ...

እፍፍፍ!

አስታውሱልኝ፤ ኑሯቸው መንፋት ነው! በጆሮዬ ቆርቆሮ ጣሪያ በነፋስ ሲገነጠል ሰማሁ፤ ከዚያ ፀጥታ። ጋሽ ሽብሩ ቀና አሉ።

«ይሰማል?»

«አይሰማም፣ ጋሼ።»

ትልቅ ሰው እንዴት ይቆጡታል? ወንፊቱን ከፍቼ ለሁለት ተበጥሳ የተንጠለጠለችውን ጥብጣብ አሳየኋቸው። ብረቱን አዩት፣ ጥብጣቧን አዩ፣ ብረቱን መልሰው አዩት። ይህን ሁሉ ብረት ይዞ በአንድ ትንፋሽ የሚሞት ነገር አላምን አሉ። እውነት ለመናገር እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የአጎቴም ማይክ ያለ ልብ የመጣው አንዱ ዘፋኝ እፍ ብሎበት ይሆናል ብዬ የጠረጠርኩት ያኔ ነው።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና እትዬ ጥሩነሽ ገቡ። ጋሽ ሽብሩ፣ ሰው ሳይሞት፣ በቅዳሜ ምድር ከረባት አስረው፣ ጥሩንባ ይዘው ሲወጡ አይተው ነው የተከተሉት። ማን እንደሞተ ጠየቁ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ታምራት ደግሞ ዝምታ አይችልም፤ «ማንም፤ ገና ነው» አለና ነገሩ ሁሉ ወጣ።

እትዬ ጥሩነሽ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ባላቸውን አዩአቸው።

«አንተ ሰኞ የምትገባው ልትድን ነው ልትሞት?» አሉ። «አንዱን ቁረጥና ንገረኝ፤ እኔም በዚያው ልሰናዳ።»

በቁም የራስን መርዶ መናገር ሟርት ነው፣ ሟርት ደግሞ አድራሻ አይስትም፣ እያሉ እትዬ ጥሩነሽ ጥሩንባውን ከጋቢው ሥር አወጡና ታቀፉት። እኔ አንድ ጥብጣብ እንደቀረችኝ፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ ቢመጡ እንደምትደርስ በጎን ተናገርኩ። ጋሽ ሽብሩ እመጣለሁ አሉ። እትዬ ጥሩነሽም «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ሊረዱ ይሁን ማይኩን ሊሰብሩ ግን አልነገሩንም።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነውና የመጨረሻዋን ጥብጣብ እንደ ታቦት ነው ያስገባኋት። ከዚያ ለትንፋሹ መላ ፈለግሁ። ትልቅ ሰው «እፍ እንዳይሉ» ቢባል የለመደ አፍ አይሰማም። ስስ የእግር ስቶኪንጌን ክብ የጥልፍ መወጠሪያ ላይ ወጠርኩና ማይኩ ፊት አቆምኩት፤ ንፋስ ይሰብራል፣ ድምፅ ያሳልፋል። ጋሽ ሽብሩ ሲያዩት ተጸየፉ። መርዶ በሴት ካልሲ በኩል አይነገርም አሉ። እትዬ ጥሩነሽ ይህን ሲሰሙ ሳያስቡት ሳቁ። የመጀመሪያው ደግ ምልክት ይህ ነበር።

ጀመሩ። «ስሙ!» ሲሉ የቡፌው ብርጭቆ ተንጫጫ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የድምፅ መስመር ከጣሪያው አለፈ። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብኩት። «ስሙ!» አሁንም በዛ። በሩ ጋ ወሰድኳቸው። በዛ። በመጨረሻ ልክ የመጣው ማይኩ ሳሎን፣ ጋሽ ሽብሩ ግቢ ሲሆኑ ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆመው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው እንደገና ጀመሩ።

«ስሙ! የእድራችን አባላት ስሙ! ጥሩንባ ነፊያችሁ ሽብሩ...»

ቆሙ።

ከመጀመሪያው ደገሙት። «ጥሩንባ ነፊያችሁ ሽብሩ...» አሁንም እዚያው ላይ ቆሙ። ያ ማይክ ክፉ ነው፣ ሁሉን ይሰማል። ከግቢ ድረስ ምራቃቸውን ሲውጡ፣ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም ከዚያች «አረፈ» ከምትባል ቃል ጋር አጋብተዋል፤ የራሳቸውን ስም ግን አጠገቧ ማስቀመጥ አቃታቸው። ሦስተኛ ሞከሩ። ድምፁ የበለጠ ሻከረ። እኔ ላቁም አልቁም እያልኩ ጣቴን ማቆሚያው ላይ አድርጌያለሁ።

እትዬ ጥሩነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ምን ሆነ በላቸው እንጂ። ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ጋሽ ሽብሩ አዩአቸው።

«ሽብሩ ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ እንደገና።

ሰውዬው ደረታቸውን ሞሉ። ያን ድምፅ ብትሰሙት!

«ሽብሩ ደህና ነው! ቤቱ ነው ያለው! ያልጠየቀው ይጠይቀው! ቀብር የለም!»

ታምራት አጨበጨበ። ጭብጨባው ተቀድቷል፣ አሁንም አለ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጥሩንባውን መለሱላቸው። እኔም ድምፁን አስቀመጥኩ፣ ስልኬም ላይ አሳለፍኩ፣ ስቶኪንጌን አነሳሁ። ያኔ ጋሽ ሽብሩ ደስ ብሏቸው ከግቢ ገቡ። ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ዕድሜ ይስጥህ፣ እንዳጎላኸኝ ያጉላህ!» ብለው... ምርቃት ያለ ምራቅ አይጸናምና...

እንትፍ! እንትፍ!

ልጮህ አፌን ስከፍት አልቆ ነበር። ማይኩ ተመርቆ ሞተ። ለነገሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ሁላችንም እንዲህ ያድርገን።

ሰኞ ገቡ። ምስሯ ወጣች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደህና ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሙ ግን እስክፈቅድልዎ ድረስ አንዲት ቃል እንዳትወጣዎ፣ ሹክሹክታም ሳይቀር፣ ብሏቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እኛ በሽታ ስንደብቅ ታውቁናላችሁ። እትዬ ጥሩነሽ «ወሬው ከቢላው ይብሳል» ብለው ለማንም አልተናገሩም፤ እኛንም አስምለውናል። ስለዚህ ጠያቂ አልመጣም። ጋሽ ሽብሩ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይሰማሉ፤ ማንም ጎራ አይልም። ሰላምታ ሲሰጣቸው በራስ ንቅናቄ ብቻ የመለሱለት ሰው ደግሞ «ኮራ እኮ ሰውዬው» እያለ አስወራ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነበር። አፋቸው ሲዘጋ የእሳቸውን ወሬ ማን ያውራ? ምግብ እምቢ አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምስሯ ያልገደለቻቸውን ሰው ዝምታው ሊገድላቸው ነው።

እትዬ ጥሩነሽ አንድ ቀን ማታ መጡና ደጄ ላይ ቆሙ።

«ያንን ነገር አውጪው» አሉኝ። «ደህና ነው የሚለውን።»

እሑድ ማለዳ የእድሩን ድምፅ ማጉያ የታምራት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሰርን። ወንድሙ ጥሩንባውን እንዲነፋ፣ ስም ግን እንዳይጠራ ተነገረው። ነፋ። እኔ ድምፁን ለቀቅሁ። «ስሙ!»

እንዴት አይወጣ ሰው? የወጣው ግን እንደለመደው ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ሊቀመንበራችን የግራውን ጫማ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርገው ደረሱ። ከ«ስሙ» ቀጥሎ ያለውን ማን ጨርሶ ሰማ? ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ሄደ።

«ማን ነው?»

«ጋሽ ሽብሩ።»

«ውይ! ምን ሆነው?»

«ደህና ሆነው።»

«ታዲያ ምን ገደላቸው?»

አንዲት ጎረቤታችን ለቅሶዋን ጀምራ ነበር። ደህና ናቸው ብንላት «አንዴ ከጀመርኩማ ልጨርሰው» ብላ ጨረሰችው። ከእድሩ ጎረምሶች ፈጣኖቹ ደግሞ ጋሽ ሽብሩ በር ላይ የድንኳኑን ግማሽ አቁመዋል። ይፍረስ ሲባል ሊቀመንበሩ እምቢ አሉ። የተተከለ ድንኳን ሳይቀመጡበት ማፍረስ ደግ አይደለም፣ ተቀምጠንበት ብናፈርሰው ይሻላል አሉ። ተቀመጡበታ!

ስለዚህ ጋሽ ሽብሩ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በራሳቸው ድንኳን ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ ባለው ወንበር ተቀመጡ። መናገር አይችሉም። ሰዉ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ሌላ ወግ አልለመደም። ስለ ደግነታቸው ማውራት ጀመረ። በስንቱ ክረምት እንደጮኹለት፣ ለስንቱ እናት እንደደረሱ፣ አንዱ እያነሳ ሌላው እየተቀበለ... ሁሉም «ነበሩ» እያለ! ጋሽ ሽብሩ ግራና ቀኝ እያዩ ይሰማሉ፤ የተጋነነ ሲመስላቸው በጣታቸው ያርማሉ። የዚያን ቀን ምሳ በሉ። ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድላቸው ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር ወደ እኔ ቤት መጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ ደነገጥኩ። ድምፁ መጥቷል፤ ግን ያ ድምፅ አይደለም። ለስላሳ፣ ቀጭን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሚመስል ሌላ ድምፅ ነው። በእሱ ጥሩንባ ተከትሎ መጮህ አይሞከርም። የተቀዳውን እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው፣ እስከ ታምራት ጭብጨባ አዳመጡት።

«ጎበዝ ሰው ነበር» አሉ በአዲሱ ድምፃቸው።

ከጊዜ ብዛት ይመለስ ይሆናል፣ ራዲዮ ፈልጌ ማይኩንም እሠራዋለሁ፣ ምናምን እያልኩ ስንተባተብ እትዬ ጥሩነሽ አቋረጡኝ።

«ተዪው፣ ስንዱ። ለሰፈሩ ያ የቀዳሽው ይበቃዋል። ይሄኛውን ለእኔ ተዉልኝ። ከተጋባን ጀምሮ ይሄ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲጠራኝ "አቤት" የሚለው ጎረቤት ነበር።»

ጋሽ ሽብሩ ባለቤታቸውን ጥቂት አዩአቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። የባላቸውን ጉልበት መታ አደረጉ።

ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ቢቸግረኝ ታምራትን ዞሬ አየሁት፤ እሱም አልሰማም። ይህንን የሚሰማ ማይክ እንኳን እኔ፣ ነጭ ጓንት ያደረገውም ሰውዬ ገና አልሠራውም።